እህትዎ የማንንም ቦታ አልወሰደችም

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የ28 ዓመት ወጣት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ በግንበኝነት ሙያ እተዳደራለሁ። ወላጆቻችን ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ናቸው፤ ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ታናሽ እህቴ እንድትማር ብዬ ነው። እሷ የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዳ 50 በመቶ አላመጣችም። ሆኖም ለሴቶች የተወሰነውን የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ በማለፏ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ውጤቷ ለወንዶች ከተቆረጠው ነጥብ በጥቂቱ ያንሳል። አብሯት የተማረ የጎረቤታችን ልጅ ከእሷ በሁለት ነጥብ ቢበልጥም እሱ ቀርቷል። ይህን ከሰማች ጀምሮ ‹የሰው ቦታ ይዤ አልሄድም› ብላ እምቢ አለችኝ። በሌላ በኩል የምሠራላቸው ሰው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ድረስ በሚመጣ አስጠኚ ተረድቶ አልፏል፤ ድግሱ ላይ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። በውስጤ የሚበግን ነገር አለ። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው ይላሉ? እሷንስ ምን ብዬ ላሳምናት? ወይስ ተበድሬ የግል ኮሌጅ ላስገባት? — ወንድሟ፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ ወንድማችን፣

ጊዜ የማይሰጠውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። አይበደሩ። እህትዎ በተመደበችበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ትመዝገብ። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት በማስታወቂያ በወሰኗቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ተማሪ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሲለምን ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ለእሷ መደወል ይሁን። የቀረውን ግን በዝርዝር እንነጋገርበታለን። እህትዎ እምቢ ያለችው ኅሊናዋ ስለከበዳት ስለሆነ፣ «ዝም ብለሽ ሂጂ» የሚል ትእዛዝ አያንቀሳቅሳትም፤ ቢያንቀሳቅሳትም እንኳ ሸክሙን ይዛው ትሄዳለች። ኅሊናዋን የሚያሳርፍ መልስ ይገባታል።

ያነሳችው ጥያቄ ከባድ ነው። በሁለት ነጥብ የሚበልጣት ልጅ ቀርቶ እሷ መግባቷ ለማንም ቅን ሰው ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆመው «ነጥብ የሚለካው ችሎታን ብቻ ነው» በሚል እምነት ላይ ነው፤ ይህን እምነት እኔ ራሴ መምህር ሆኜ ዓመታት እስካሳልፍ ድረስ አምኜበት ኖሬያለሁ።

በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እንደ እህትዎ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ነበሩ። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደየቤታቸው ሄደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በሶና ድርቆሽ ይሸት ነበር። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ከሐሙስ በኋላ እጁን የሚያወጣ ተማሪ እንደሚያንስ ያስተዋልኩት በሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የሰጠኋትን ስሌት ለመሥራት ወደ ሰሌዳ ወጥታ፣ ግማሹን በትክክል ከጻፈች በኋላ ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ግድግዳ ስትደገፍ ነው። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ትምህርት ቤታችን በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበረው፤ ውስጡ የተሰባበሩ ወንበሮች ይከማቹበት ነበር። ስለዚህ ቢዩሬት የሚባለውን የመስታወት ቱቦ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ በቃል አስረዳቸው ነበር። ተማሪዎቼ አንድም ቀን ዓይተውት ስለማያውቁት ቀለም ይፈተናሉ፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልጨምር። እህትዎ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነ፤ መምህሩ ራሱ ቋንቋው ስለሚቸግረው ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማብራሪያውን በአማርኛ ይሰጣል። ፈተናው ላይ ማብራሪያው የለም። «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» በሚል ጥያቄ ላይ «ያልሆነው» የሚለውን ቃል ሳታስተውል ትክክለኛውን መርጣ ነጥብ ያጣች ተማሪ ፊዚክሱን ታውቀው ነበር። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ይህ ስሕተት አያገኘውም፤ በዚህም ምክንያት ብቻ ነጥቡ ይበልጣል። የሁለቱ ልጆች የፊዚክስ ዕውቀት አንድ ሊሆን ይችላል።

አገሪቱ ይህን በቁጥር አይታዋለች። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት የ2014 ዓ.ም. መርሐ ግብር፣ ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ፣ 3.2 በመቶ። እህትዎ በተፈተነችበት በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 36,409 ሲሆኑ ድርሻቸው 5.4 በመቶ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው፤ በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በሌላው ጫፍ፣ የተመረጡ ተማሪዎችን የሚቀበሉና በመምህርም በመጽሐፍም የተሟሉ አንዳንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን ሁሉ አሳልፈዋል። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰንፎ ይሆናል ማለት ይቻላል። ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የወጣውን ጭምር ይዞ አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ግን፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ጎበዝ ልጅ አልተወለደም ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም። እህትዎ ምናልባት ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተምራ፣ ያውም በአካባቢያችሁ በጸጥታ ችግር ምክንያት የትምህርት ቀን በተደጋጋሚ በተቋረጠበት ዓመት፣ ለሬሜዲያል የሚያበቃ ውጤት አምጥታለች። ይህን ሲነግሯት ለማጽናናት ያህል የተባለ እንዳይመስላት ቁጥሮቹን እንዳሉ ያንብቡላት።

እንዲህ በመናገሬ ጥብቅ ፈተናን የምቃወም እንዳይመስልዎ። የፈተና መሰረቅ ከማንም በላይ የጎዳው የድሃውን ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምናስታውስ ሁሉ፣ ለተሰረቀ መልስ የሚከፍል ገንዘብና ዘመናዊ ስልክ በማን እጅ እንደነበረ እናውቃለን። ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስገባቱ ልፋታቸው የራሳቸው የሆኑትን ልጆች ከአጭበርባሪ አድኗቸዋል። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ ነገር ግን የፍትሑ ግማሽ ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ሁሉም በእኩል ዓይን ይታያል፤ ወደ መስመሩ የሚወስደው መንገድ ግን ለአንዱ አስፋልት፣ ለሌላው ገደል እንደሆነ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ልጅ እንምጣ፤ የእህትዎ ልብ የቆሰለው እዚያ ላይ ነውና። ሁለቱም በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ በአንድ መንገድ ተመላልሰዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ዓርብ ማታ ቤት ሲደርሱ ነው። እሱም አይቀመጥም፤ ከብት ይጠብቃል፣ ያርሳል፣ ያጭዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሥራው ያበቃል፤ ኩራዝ ወይም የሶላር መብራት ካለ ደብተሩን ይገልጣል። በዚያ ሰዓት እሷ ምጣድ ላይ ናት። የሳምንቱን ስንቅ የምትጋግረው ራሷ ናት፤ ውኃውን የምትቀዳው፣ ሽሮውን የምታስፈጨው፣ ታናናሾቿን የምታጥበው እሷ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ «መቼ ነው የምትዳሪው?» የሚል ጥያቄ ከየዘመዱ ትሰማለች፤ በመንገድ ላይ ያለውን ፍርሃት ደግሞ እርስዎም ወንድሟ ስለሆኑ ያውቁታል። ይህን ሁሉ ተሸክማ ከእሱ በሁለት ነጥብ ብቻ ማነሷን ሳስብ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው በደል እንዲታረም ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው የደነገገው ይህን የመሰለውን ሸክም ዓይቶ ነው። ቃሉ «መብት» ነው። ችሮታ ወይም ምጽዋት አይልም።

ይሁንና ለእህትዎ እውነቱን ሙሉ አድርገን እንንገራት። የልጁ መቅረት ቅሬታ የሚያሳድር ነገር ነው፤ እሷም ቅሬታ ቢሰማት አልተሳሳተችም። የእኛ አገር የቅበላ አሠራር ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ከታዳጊ ክልሎችና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች ለሚመጡ ተማሪዎች የተለየ የመቁረጫ ነጥብ ያወጣል፤ መልካም ነው። የማይጠይቀው ነገር ግን አለ። አባቱ ማንበብ ይችላል ወይ? ቤተሰቡ በምን ይተዳደራል? የተማረበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበረው ወይ? ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ በውድ የግል ትምህርት ቤት የተማረች ልጅና ስንቋን ተሸክማ የተማረች እህትዎ በአንድ ዓይነት ዝቅ ያለ ነጥብ ይስተናገዳሉ፤ የአርሶ አደሩ ልጅ ደግሞ ወንድ ስለሆነ ብቻ ድህነቱ አይቆጠርለትም። ይህ ጉድለት ነው፤ ሊታረምም ይገባዋል። የሚታረመው ግን የእህትዎን ነጥብ ከፍ በማድረግ አይደለም። ለልጁም የሚከፈት በር ያስፈልጋል።

ይህን ስል «የቤተሰብ ገቢ በምን ይታወቃል?» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ሕዝብ የደመወዝ ማስረጃ በሌለበት አገር ድህነትን በወረቀት ማረጋገጥ ለሐሰተኛ ማስረጃ በር ይከፍታል። ትምህርት ቤት ግን ሊደበቅ አይችልም። የትኛው ትምህርት ቤት በኢንስፔክሽን (በጥራት ቁጥጥር) ዝቅተኛ በሆኑት በደረጃ አንድና ሁለት ላይ እንደቀረ፣ የትኛው በየዓመቱ ስንት እንዳሳለፈ በትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ላይ ይገኛል። ተማሪን ከአገሩ ተማሪዎች ሁሉ ጋር ብቻ ከማወዳደር ይልቅ፣ በዚያው ጭቃና በዚያው ጠመኔ ከተማሩት ጓደኞቹ ጋር ጭምር ማወዳደር ይቻላል። አዲስ ሐሳብም አይደለም፤ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ባወጣው ሕግ፣ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በውጤታቸው ከፍተኛ ከሆኑት ከመቶ አሥሩ ውስጥ ሆነው ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎች በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዋስትና ሰጥቷል። ዋናው ዩኒቨርሲቲው በኦስቲን ከተማ ከአቅሙ በላይ ስለሞላ ኋላ ላይ ለእሱ ብቻ መጠኑ ዝቅ ብሏል፤ መሠረቱ ግን እስካሁን ቆሟል። ከዚያ በፊት ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልከው ከማያውቁ ትናንሽ የገጠር ከተሞች ልጆች መግባት የቻሉት በዚህ መንገድ ነው። የእኛው 1,328 ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው አንድ ልጅ ብቻ እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ሬሜዲያል ቢያስገቡ በቀጣዩ ዓመት በዚያ ቀበሌ የሚማሩ ልጆች ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። «ከእኛም ትምህርት ቤት ይገባል» የሚለው ዜና ብቻውን ደብተር ያስገልጣል።

የአሠሪዎን ልጅ በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ልጁ አጥንቶ አልፏል፤ ልፋቱን አይናቁበት። የተሰጠው ነገር ለሁሉም ሊሰጥ የሚገባ ነው፤ መጽሐፍ፣ መብራት፣ የሚጠይቀው ሰው፣ ጠግቦ የሚተኛበት ሌሊት። ድንኳኑን ሲተክሉ የበገነው ልብዎ ትክክል ነበር። ንዴትዎን ግን በልጁ ላይ አያውሉት፤ እህትዎን ለማስተማር የሚያስፈልግዎ ጉልበት እዚያ ውስጥ አለ።

ስለ ሬሜዲያል ፕሮግራሙ ደግሞ የተወራውን ሁሉ አትመኑ። የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ 50 በመቶ ላላመጡ ነገር ግን ለተወሰነው ነጥብ ለበቁ ተማሪዎች የተዘጋጀ የአራት ወር ያህል የማካካሻ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁሉም ይሰጣል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራሉ። በመጨረሻ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በብሔራዊ ፈተናው በቀጥታ ካለፈው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ ይይዛል። ይህን ለእህትዎ ደጋግመው ይንገሯት፤ ዝቅ ያለው ነጥብ የመግቢያውን በር ከፈተላት እንጂ ከበሩ በኋላ ያለውን ማንም አይቀንስላትም። የምታልፈው በራሷ ሥራ ነው። «የሰው ቦታ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ማለት ግን መንገዱ የተረጋገጠ ነው ማለት አይደለም። አራት ወር አጭር ነው፤ ሳያልፉ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። የሚወድቁትም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግቢ በመልመድ የሚያሳልፉት ናቸው። እህትዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሒሳብና እንግሊዝኛን ታስቀድም፤ እነዚህ ሁለቱ ሌሎቹን ትምህርቶችም ያቀናሉና። ከክፍል በኋላ ሦስትና አራት ሆነው የሚያጠኑ ልጆች ፈልጋ ትቀላቀል፤ ብቻዋን አልጋ ላይ ተቀምጣ እያነበበች ያልገባትን እያለፈች መሄድ የለባትም።

እስካሁን ያላነሳሁት የግል ኮሌጁ ጉዳይ ነው። በግል ተቋም በዲግሪ መርሐ ግብር ለመማርም ቢሆን ወይ 50 በመቶ ማምጣት ወይ ሬሜዲያሉን ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ «ያለ ምንም ነገር እናስገባታለን» የሚል ኮሌጅ ወይም ደላላ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትም ቢማሩ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ አይገኝም፤ ተበድረው ያስተማሯት እህት መጨረሻ ላይ ባዶ እጇን ብትቀር ዕዳው በእርስዎ ላይ ይቀራል። ሬሜዲያሉ ባይሳካላት እንኳ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ክፍት ነው። እርስዎ የእጅ ሙያ ያለዎት ሰው ስለሆኑ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስከብር ለእሷ ማስረዳት ለእኔ አይተርፍም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲባል ወላጆችዎ «ከምን አምጥተን?» እንደሚሉ ይሰማኛል። ተማሪው በመደበኛ ፕሮግራም ሲማር አስቀድሞ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የለም፤ መኝታና ምግብም ይቀርብለታል። የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ከተመረቀ በኋላ ገቢ ሲያገኝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። አባትዎ «ውል» የሚለውን ቃል ሰምተው እርሻው የሚያዝ እንዳይመስላቸው ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፤ በዚህ ፍርሃት ልጆቻቸውን ያስቀሩ ወላጆችን አውቃለሁ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ለመጓጓዣ፣ ለሳሙናና ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለስልክ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ልጆችን ከግቢ ያስወጣው ግን ይህ ትንሹ ነው። በየወሩ ሊልኩላት የሚችሉትን አስልተው ይንገሯት፤ አንድ ወር ብዙ ልከው ሁለት ወር ከመጥፋት፣ ጥቂትም ቢሆን በቀኑ የሚደርስ ይሻላታል። በየዩኒቨርሲቲው ያለው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያና መጠነኛ ገንዘብ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሰጣል፤ የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበባትም ደብተርና ልብስ ያካፍላሉ። ወደ እነዚህ ቢሮዎች በመጀመሪያው ሳምንት ትሂድ። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች የሚሄዱት ከተራቡ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የፈተናው ውጤት ተበላሽቷል።

ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ማንም ያልነገረውን ብዙ ሕግ ብቻውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። እኔም ከቤታችን የመጀመሪያው ነበርኩ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ላይ በጣም ዝቅተኛ ውጤት ተለጥፎልኝ ሳይ አንገቴን ደፍቼ ወደ ዶርም ተመለስኩ። ጎኔ የሚተኛው የከተማ ልጅ ግን ዝቅ ያለ ውጤቱን ይዞ በማግሥቱ የመምህሩን ቢሮ አንኳኳ፤ ወረቀቱ ተፈልጎ ሲታይ አንድ ገጽ ሳይታረም ቀርቶ ነበርና ውጤቱ ተስተካከለለት። ወላጆቹ ሁለቱም መምህራን ነበሩ። ተማሪ የመምህርን በር ማንኳኳት እንደሚችል እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ የእኔ ወረቀት ላይ ያልታረመ ገጽ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ለእህትዎ ይህን ይንገሯት። ወረቀትሽን ዓይተሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ብትታመሚ የሕክምና ማስረጃ ሳትይዢ ከፈተና አትቅሪ። ማቋረጥ የሚያስገድድ ነገር ቢመጣ እንኳ በሬጅስትራር በኩል ፎርም ሳትሞዪ ግቢውን ጥለሽ አትውጪ፤ ፎርም የሞላ ይመለሳል፣ ዝም ብሎ የጠፋ ግን እንደተባረረ ይቆጠራል።

ሲያነጋግሯት ከአንድ ቃል እንዲጠነቀቁ አደራ እላለሁ። «እኔ የተውኩት ለአንቺ ብዬ ነው» አይበሏት። እውነት መሆኑን እሷም ታውቀዋለች። እንዲያውም «የሰው ቦታ» ስትል በልቧ ያለው የጎረቤት ልጅ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ የእርስዎ የስምንተኛ ክፍል ወንበርም ያለበት ይመስለኛል። የወንድሟን ትምህርት ወስዳ፣ አሁን ደግሞ የጓደኛዋን ቦታ ወስዳ የምትሄድ መስሎ ከታያት እግሯ እንዴት ይነሣል? ይልቁንስ ስለራስዎ ይንገሯት፤ ግንበኝነቱን እንዴት እንደተማሩ፣ የመጀመሪያውን ግድግዳ ሲያቆሙ ምን እንደተሰማዎት። የማታ ትምህርት የመጀመር ሐሳብ ካለዎትም ይንገሯት፤ ዕድሜዎ ገና 28 ነው። ወንድሟ የጨረሰና የተሠዋ ሰው አለመሆኑን ስታይ እሷም ቀለል ብሏት ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ይደውሉላት፤ ሲደውሉ «ውጤት ስንት መጣ?» በሚለው አይጀምሩ። «ምን በላሽ? ከማን ጋር ታጠኛለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ውጤቱ የተበላሸባት ቀን ደብቃ የማትዘጋው ስልክ የእርስዎ መሆን አለበት።

ለጉዞዋ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕትና የ8ኛ ክፍል ካርዷን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፎች፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ጨርቅ ይዛ ትሂድ። ዋናውን ማስረጃ በሻንጣ ውስጥ አታስቀምጥ፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ሻንጣ ይጠፋልና ከሰውነቷ እንዳይለይ።

ለጎረቤታችሁ ልጅም በዚሁ ሳምንት ይደውሉለት። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ብሔራዊ ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይችላል፤ የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ በወረዳ ከተማው ኢንተርኔት ቤት ባለቤቱ ዝም ብሎ እንዳይሞላለት፣ ስሙንና የትምህርት ዘርፉን ራሱ ዓይኑ እያየ ያስሞላ። እህትዎ በሬሜዲያሉ የምትጽፈውን ማስታወሻና የምትሠራቸውን የመለማመጃ ጥያቄዎች በየወሩ ፎቶ እያነሳች ትላክለት። እሷም እየላከችለት ስታጠና ደጋግማ ታነበዋለች፤ እሱም ያለ መጽሐፍ አይቀርም።